ከማረሻ እስከ ትራክተር
(በአንድ ማትናስ ለወላጆችና ከሠራዊት ለተሰናበቱ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ልጆች ትምህርት ነበር። እንደምታውቁት የመምህራን ሴሚናር የተማርኩ፣ ዕድሜዬንም በትምህርት ነገር የፈጀሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ርዕሱን ቀይሬዋለሁ። የምነግራችሁ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ የእርሻ መሣሪያ መካኒክ ነው። ትራክተር፣ የመድኃኒት መርጫ፣ የዘር መዝሪያ፣ የወይራ ማራገፊያ ይጠግናል። ተቀጣሪ አይደለም፤ ዓጽማኢ ነው፣ ማለት የራሱ ሥራ የራሱ ነው። ስሜን አትጥሪ ብሎ ስለ ለመነኝ አልጠራውም። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ ግን ታውቁታላችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ምን እያላችሁ እንደሆነ ከፊታችሁ አነባለሁ። «ይቺ ሴት ትናንት ልጆቻችንን ወደ ዕደ ጥበብ ክፍል አትላኩብን፣ ባግሩት ይውሰዱ እያለች ስትጮህ አልነበረም ወይ?» ትላላችሁ። አዎን፣ ጮኼአለሁ፤ ዛሬም እጮኻለሁ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የገቡት አብዛኞቹ ወጣቶቻችን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሲላኩ፣ ብዙዎቹ ማንም ፍላጎታቸውን ሳይጠይቃቸው ሙያ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ወንድሜም ከነርሱ ተከትሎ የመጣ ነው። አማካሪዋ እናቴን ጠርታ «ልጅሽ እጁ ጎበዝ ነው» አለቻት። እናቴ ምስጋና መስሏት ተደሰተች፣ ፈረመች። ያ ቃል አንጎሉን አይቶ የተነገረ እንዳልነበረ የገባኝ እኔ ራሴ ሴሚናር ከገባሁ በኋላ ነው። ልጅን ሳይጠይቁ መካኒክ ማድረግ በደል ነው። ሆኖም መካኒክነቱ ራሱ ውርደት ነው የሚለውን አልቀበልም። ሁለቱን ለያይተን እንያቸው ብዬ ነው ዛሬ የመጣሁት።

ለዚህ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። አባታችን በጎንደር አካባቢ ቀጥቃጭ ነበር። እዚህ ያላችሁ ሽማግሌዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ርስት ለእኛ አልነበረም። የሰው መሬት በእኩል እያረስን፣ ብረት እየቀጠቀጥን፣ ሴቶቻችን ሸክላ እየሠሩ ነው የኖርነው። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም፣ ወገሉ ሲሰበር፣ ማጭዱ ሲጎርስ ወደ አባቴ ደጅ ይመጣል። ያለ አባቴ እጅ አያርስም፣ አያጭድም። ዞር ሲል ግን «ጠይብ፣ ቡዳ» ይላል፤ ልጁ ቢታመም በላው ይለናል። አባቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን አብረን ስንገባ ያንን ሁሉ እዚያው ጥዬው መጣሁ ብሎ ነበር። እዚህ ሥራህ ምን ነበር ሲሉት «ገበሬ» ብሎ አስመዘገበ። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለምን እንደ ዋሸ አልገባኝም። ወናፉንና ጉጠቱን እያየሁ ነበር ያደግሁት።

እንግዲህ ወንድሜ በሠራዊት የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል አገልግሎ በ2007 ሲወጣ፣ በአንድ የእርሻ መሣሪያ ሙሳክ ተቀጠረ። አባቴ ደስ አላለውም። «ልጄ ከብረት ሸሽቼ ብመጣ ብረት ተከትሎኝ መጣ» ነበር ያለው።

በዚያ ሙሳክ ስምንት ዓመት ሠራ። ያ ስምንት ዓመት ባከነ አልልም፤ ብዙ ተምሮበታል። ወጣቶች ይህንን ልብ በሉ፤ ከኮርስ ወጥቶ በማግስቱ ዓጽማኢ የሚሆን መካኒክ የሰው ትራክተር ላይ ነው የሚማረው፤ ገበሬ ደግሞ አንድ ጊዜ ነው ይቅር የሚለው። ወንድሜ ሞተር መፍታትና መግጠም፣ ካምቢዮ፣ ሃይድሮሊክ፣ ኤሌክትሪክ ሁሉንም እዚያ አወቀ። ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ከርሱ ጋር ስድስት ወር ሠርተው ብልሽት ወደሚፈልገው ክፍል፣ ኮምፒውተር ወደሚያያዝበት ክፍል ያልፋሉ። እርሱ ዘይት መቀየርና ከባድ ማንሳት ላይ ነው። ሲጠይቅ «አንተ እዚህ ታስፈልገናለህ» ይሉታል። ደመወዙም እዚያው ነው። ይህ የስንቶቻችን ታሪክ እንደሆነ መቁጠር አያስፈልገኝም። በኮኣህ አዳም ድርጅት በኩል የምትሠሩ ደግሞ ከዚህ የባሰውን ታውቃላችሁ።

በ2016 ለቀቀ። አንድ ያገለገለ ዕቃ መጫኛ መኪና፣ አንድ ሳጥን መፍቻ፣ አንድ ስልክ ነበረው። የመጀመሪያው ደንበኛው በላኪሽ አካባቢ ባለ ሞሻብ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሰሜን አፍሪካ በልጅነታቸው በ1950ዎቹ የመጡ። አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን አላቸው። ወንድሜ ሲደርስ ከትከሻው በላይ ወደ መኪናው ያያሉ። «መካኒኩስ የት አለ?» አሉት። «እኔ ነኝ» አላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ወንበር አምጥተው ትራክተሩ አጠገብ ተቀምጠው ሦስት ሰዓት ሙሉ እጁን ሲያዩ ዋሉ። ሲነሣላቸው ገንዘቡን ከፈሉ፣ ምንም አላሉም። በሳምንቱ ከዚያው ሞሻብ አራት ሰው ደወለለት። በሞሻብ ማስታወቂያ ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ሲያመሰግን ሁሉም ይሰማል፣ አንዱ ሲያማርርም እንዲሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ የመጣሁትም በተለይ ለዚህ ነው።

ዓጽማኢ የሚሆን ሰው ሦስት በር ያንኳኳል። አንደኛው ማዓም፣ ሁለተኛው ማስ ሃክናሳ፣ ሦስተኛው ቢቱዋህ ለኡሚ ነው። ወንድሜ ሁለቱን አንኳኳ። ሦስተኛው በራሱ የሚከተል መሰለው፤ ቀበሌ ለቀበሌ እንደሚነጋገር። አይከተልም፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ ነው የምትመዘገቡት። በ2017 የበጋ ወር አንድ ሎደር የሃይድሮሊክ ቱቦው ያንጠባጥብ ነበርና፣ ሞተሩ እየሠራ ከየት እንደሚወጣ በጣቱ ዳሰሰ። ጥቂት እንደ መርፌ መውጋት ያለ ተሰማው። ደም እንኳ አልወጣም። በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ቀጠለ። ማታ እጁ እንደ ዳቦ አብጦ መጣ፤ ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሃይድሮሊክ ውስጥ ያለው ዘይት ከ150 እስከ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ነው የሚገፋው። መርፌ በምታክል ቀዳዳ ሲወጣ ቆዳ ይበሳል፣ ዘይቱ በጣት ውስጥ ተሰራጭቶ ሥጋውን ይገድላል። ሕመሙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መሆኑ ነው ሰውን የሚያታልለው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፤ ሞተር አጥፉ፣ ግፊቱን ልቀቁ፣ የሚያንጠባጥብበትን በካርቶን እንጂ በእጅ አትፈልጉ። ከወጋችሁ ደግሞ ነጥቧ ብታንስም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፤ ለሐኪሙም የገባው የማሽን ዘይት ነው ብላችሁ ንገሩ።

ወንድሜ አራት ወር አልሠራም። አመልካች ጣቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። የሥራ ጉዳት ገንዘብ፣ ድሜ ፕጊዓ የሚባለውን ሊጠይቅ ቢቱዋህ ለኡሚ ሲሄድ፣ አደጋው በደረሰበት ቀን በዓጽማኢነት አልተመዘገብክም ተባለ። ሕጉ ነው፤ ጸሐፊዋ ክፉ ሆና አይደለም። የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ እስከ 91 ቀን ድረስ ካስታወቀው ገቢ 75 በመቶ ይታሰብለት ነበር። (ለዓጽማኢ የመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት አይከፈሉም፤ ይህንንም እወቁት።) ካስታወቀው ገቢ ማለቴን ልብ በሉ። «ትንሽ አስታውቅ፣ ትንሽ ትከፍላለህ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ትንሽ ያስታወቀ ሰው በተጎዳ ጊዜም የሚያገኘው በዚያው ልክ ነው። በዚያ አራት ወር የወንድሜን ቤት ያኖሩት እናቴ ያጠራቀመቻት ብር፣ የእኔ ደመወዝና የሚስቱ የጽዳት ሥራ ናቸው። ሚስቱ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህንን የምናገረው እርሱ ፈቅዶልኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እኔ ያዝኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ያገራችን ሰው፤ እኛ ደግሞ ወረቀቱን ጫማ ሳጥን ውስጥ ነበር ያገኘነው። በቅድሚያ ያየሁት ዋጋው ላይ ነው። አርባ ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ አራት ሰዓት ሠርቶ 200 ሸቅል ይጠይቃል። «ለምን?» አልኩት። «በሙሳክ በሰዓት የማገኘውን አስቤ ነዋ» አለኝ። ይህ ስሕተት የወንድሜ ብቻ አይደለም። ተቀጣሪ ሳለህ መኪናውን፣ ናፍጣውን፣ ኢንሹራንሱን፣ መፍቻውን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ የሕመም ቀኑን ሌላ ሰው ይከፍልልሃል። ዓጽማኢ ሁሉንም ራሱ ይከፍላል። ከ2017 ጀምሮ ለጡረታ ማስቀመጥም በዓጽማኢ ላይ ግዴታ ሆኗል፤ ሥራ ቢጠፋበት ደግሞ እንደ ተቀጣሪው ድሜ አቭታላ አያገኝም። በዚያ ላይ በቀን አሥር ሰዓት ከደከመ ገንዘብ የሚከፈልበት ስድስቱ ቢሆን ነው፤ የቀረው መንገድ፣ ዕቃ ፍለጋና ስልክ ነው። እኔ በደብተር ላይ ቁጭ ብለን ስናሰላው በተቀጣሪነት ያገኘው ከነበረው የሰዓት ዋጋ እጥፍ እንኳ አልበቃንም። መንገዱን ለብቻ፣ ሰዓቱን ለብቻ፣ ዕቃውን ለብቻ መጻፍ ጀመረ። ደንበኞች ይሸሻሉ ብሎ ፈርቶ ነበር። ሁለት ሸሹ። ሁለቱም ድሮም የማይከፍሉ ነበሩ።

ቀጥሎ ዖሴቅ ፓቱር ወይስ ዖሴቅ ሙርሼ የሚለው ነው። ፓቱር ማዓም አያስከፍልም፤ በ2024 ጣሪያው በዓመት 120,000 ሸቅል ነበር። ብዙ ሰው ይህ ትርፍ ይመስለዋል። ትርፍ አይደለም፣ ጠቅላላ የገባው ገንዘብ ነው። አንድ የናፍጣ ፓምፕ በ9,000 ገዝተህ ለገበሬው በ9,000 ብታስከፍለው፣ ምንም ሳታተርፍ ከጣሪያህ 9,000 ሄደ። ስለዚህ ወንድሜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልልቅ ዕቃ ሲሆን ገበሬው በራሱ ስም ከአስመጪው እንዲገዛ ያደርግ ነበር። ኋላ ሙርሼ ሆነ። ሙርሼ መሆን ዋጋ የሚያስወድድ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ደንበኞቹ ገበሬዎች ራሳቸው ሙርሼ ስለሆኑ የከፈሉትን ማዓም መልሰው ያገኙታል። እርሱም በመፍቻና በናፍጣ ላይ የከፈለውን እንደ ደንቡ ይቀንሳል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ማዓም የእናንተ ገንዘብ አይደለም። ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል። 300 ሸቅል ከነማዓሙ ከተቀበላችሁ 45 ከ76 አጎሮቱ የመንግሥት ነው። ወንድሜ አንዴ የማዓሙን ገንዘብ ለጎማ አውጥቶት የሁለት ወሩ ቀን ሲደርስ ብድር ለመነ። አሁን በሌላ ሒሳብ ያስቀምጠዋል።

ስለ ብድርና ዱቤ ካነሣሁ፣ ገበሬ የሚከፍለው ምርቱን ሲሸጥ ነው። «ሾቴፍ ፕሉስ ስድሳ» ይላችኋል። በ2017 የወጣ ሕግ አለ፤ በመሠረቱ ነጋዴ ለነጋዴ ሒሳቡ የቀረበበት ወር ካለቀ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ያዛል፣ ሁለቱ በግልጽ በጽሑፍ ሌላ ካልተስማሙ በቀር። ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። ወንድሜን ይበልጥ የጠቀመው ግን አባቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ሻባት ወጥቶ ቡና ስንጠጣ ወንድሜ ስለ አንድ የማይከፍል ሰው ያማርራል። አባቴ እያዳመጠ ቆይቶ «እኛም በእህል ነበር የሚከፈለን፣ በመከር» አለ። ከዚያ በፊት ስለ ቀጥቃጭነቱ በገዛ አፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ክረምት ሙሉ ማረሻ ያበጃል፤ በግድግዳ ላይ በከሰል ይሰምራል፤ እህል ሲወቃ እየዞረ ይሰበስባል። «ያልከፈለስ?» አልነው። «በሚቀጥለው ዓመት ማረሻው አይዶለዱምም?» አለና ሳቀ። ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌ ዕዳ ላለበት ሰው አዲስ ሥራ አይጀምርም። ሥራ ሲያልቅ መጀመሪያ ሔሽቦን ኢስካ ይሰጣል፤ የግብሩን ደረሰኝ፣ ሔሽቦኒት ማሱን የሚሰጠው ገንዘቡ ሲገባ ነው፤ አለዚያ ባልተቀበለው ገንዘብ ላይ ማዓም ሊከፍል ነው። ይህንን ያስተማረን ሮኤ ሔሽቦኑ ነው። እርሱ የሚወስደው ክፍያ ከሚያድነን ያንሳል።

የሥራው የወደፊት ነገርስ? እውነቱን እነግራችኋለሁ። አዳዲሶቹ ትራክተሮች ያለ አምራቹ ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚከፈቱ አይደሉም። ወንድሜ የተበላሸውን ዕቃ በእጁ ያውቀዋል፤ ይቀይረዋል፤ ማሽኑ ግን ፕሮግራሙ ካልተቀበለው አይነሣም። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ገበሬው መሣሪያውን ራሱ የማስጠገን መብት እንዲኖረው በ2023 ሕግ አወጣ፤ በጥር 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን ጆን ዲርን በዚሁ ጉዳይ ከሰሰ። እዚህ ደግሞ ዓጽማኢ መካኒክ ቦታውን መምረጥ አለበት። ወንድሜ የመረጠው አሮጌዎቹን ትራክተሮችና ከኋላ የሚጎተቱትን መሣሪያዎች ነው፤ መርጫ፣ መዝሪያ፣ ማረሻ፣ ድንች ማውጫ። ገበሬ አዲስ ትራክተር ቢገዛም ከኋላው የሚያስረው መርጫ የሃያ ዓመት ነው። ለዚያ አስመጪው ሰው አይልክለትም። በጥቅምት 2023 ጦርነቱ ሲጀመር በምዕራብ ኔጌብ ብዙ የውጭ አገር ሠራተኞች ሄዱ፤ በእጅ ይሠራ የነበረውን በማሽን ለመሥራት የተገደደው ገበሬ ከጓሮው የዛገ መሣሪያ ሁሉ እያወጣ ጠራው። በዚያ ክረምት እንደ ሠራ ሠርቶ አያውቅም።

ወቅቱን ማወቅም ግድ ነው። ስንዴው በግንቦትና በሰኔ ሲታጨድ፣ ወይራው በጥቅምትና በኅዳር ሲራገፍ ስልኩ ሌሊት ይጮኻል። ዝናብ ሲገባ ዝም ይላል። ወንድሜ አሁን ለደንበኞቹ በመከር ማግስት «ማሽንህን በዝናቡ ላድስልህ፣ በርካሽ» ይላቸዋል። የጥርና የየካቲት እንጀራው ከዚያ ነው።

ለእናንተ ለወጣቶቹ ስለ ፒቃዶናችሁ አንድ ቃል። ያ ከሠራዊት ስትወጡ የሚቀመጥላችሁ ገንዘብ በአምስቱ ዓመታት ውስጥ ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠናና ሥራ ለመክፈትም ይፈቀዳል። ብዙዎቻችሁ አምስቱ ዓመት እስኪያልፍ ጠብቃችሁ መኪና ትገዙበታላችሁ። መኪና አትግዙ አልልም፤ እኔም ወጣት ነበርኩ። ግን መጀመሪያ የትራክተርና የሃይድሮሊክ ኮርስ ብታዩበት እወዳለሁ። ሥራ ለመክፈት ያሰበ ደግሞ የአነስተኛ ንግድ አማካሪዎች፣ ማዖፍ በሚባሉት ማዕከሎች በኩል፣ በቅናሽ አማካሪ ማግኘት ይቻላል። ቋሚ ቦታ ልትከራዩ ካሰባችሁ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የሥራ ፈቃዱን ነገር ከአካባቢው ምክር ቤትና ከመጓጓዣ ሚኒስቴር ጠይቁ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖራችሁ ደግሞ የሰው ትራክተር ፍሬን አትንኩ።

ለወላጆች ደግሞ። ልጃችሁ መካኒክ ልሁን ሲል «ለዚህ ነው ወደዚህ የመጣነው?» አትበሉት። ትምህርት ቤቱ ሳይጠይቀው መካኒክ ሊያደርገው ሲል ግን ተነሡ፣ እኔንም ጥሩኝ፣ አብረን እንሄዳለን።

ባለፈው መስከረም ወንድሜ አባቴን ወደ መሥሪያ ቦታው ወሰደው። አሁን ትንሽ መጋዘን ተከራይቷል። ጥርሱ ያለቀ የማረሻ ብረት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ ብየዳ እየደረበ ያድሰዋል። አባቴ አነሣው፣ በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን ሰማ። «ይሄ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ያልቃል» አለ። ወንድሜም ብየዳውን አሳየው፤ እሳቱ ሲበራ አባቴ ፊቱን አላዞረም፣ መከላከያ መነጽር ነው የሰጠነው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ አብሮት ይሄዳል። ሰው ምን ትሠራ ነበር ሲለው ምን እንደሚመልስ ግን እስካሁን አልጠየቅሁትም።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ። ከቢቱዋህ ለኡሚ ወይም ከማዓም ያልገባችሁ ደብዳቤ ያላችሁ ደግሞ ሐሙስ ማታ እዚሁ እገኛለሁ፤ ፖስታውን ሳትጥሉ፣ ቀኑ የተጻፈበት ስለሆነ፣ ይዛችሁልኝ ኑ።